ቡችላው ሲያጉረመርም አትሳቁበት፣ አትምቱትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በእንስሳት ጤና ረዳትነት አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ ውሾችን ስከትብና ስረዳ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዱሮ የሚጠራኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የግቢ ጠባቂ ውሻ ያለው ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ፑድል፣ ማልቲዝ፣ ሺትዙና ከነዚህ የተዳቀሉ ትንንሽ ቡችሎች ገብተውበታል። የሚደርሰኝ ስሞታም ተመሳሳይ ሆኗል፦ «ያጉረመርማል፣ ሊነክሰን ይቃጣል፣ ምን ነክቶት ነው?»

ትልቅ ውሻ ሲያጉረመርም ሰው ዘወር ይላል። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ቡችላ ሲያጉረመርም ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይስቃል፣ ልጆቹ በስልክ ይቀርጹታል፣ ደግሞ እንዲቆጣ ይነካኩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ቡችላ የልጅ ጣት ሲይዝ ሳቁ ይቀርና ጫማ ይወረወርበታል። እንስሳው በዚህ መሀል ምን ይማር? ትናንት ያሳቀው ነገር ዛሬ ያስደበድበዋል።

ቡችላ ከጨዋታ ውጭ የሚያጉረመርመው አብዛኛውን ጊዜ ስለፈራ፣ ስላመመው ወይም የያዘውን እንዳይቀሙት ስለሰጋ ነው። «ተዉኝ» የሚልበት ሌላ አንደበት የለውም። በጥፊ ብሎ ዝም ያሰኘው ሰው ፍርሃቱን አላነሳለትም፤ ማስጠንቀቂያውን ነው የነጠቀው። እንዲህ ያደገ ውሻ ሳያጉረመርም መንከስ ይለምዳል። እኔ የምፈራው ያንን ውሻ ነው።

የፋሲካ ሰሞን ገርጂ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ሁዳዴን ሙሉ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የከረመ ነጭ፣ ጸጉራም ቡችላ ነው። በዓሉ ሲደርስ የበግ አጥንት ተሰጠው። ስገባ አጥንቱን በፊት እግሮቹ አቅፎ ሶፋው ሥር ተኝቷል። የቤቱ ትንሽ ልጅ ጠጋ ስትል መጀመሪያ መላሱን አቆመ። ቀጥሎ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ድርቅ አለ፤ ጭንቅላቱን ሳያነሳ ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን ሲመልስ ነጩ ታየ። ማጉረምረሙ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልጅቷ እጇን ስትሰድ አፉን ሰነዘረ፣ ጥርሱ አየር ላይ ተጋጨ። እናቷ «ዶክተር፣ ልጅ የሚነክስ ውሻ አልፈልግም፤ ይውሰዱልኝ» አለችኝ።

አጥንቱን ከአፉ ለመቀማት አልሞከርንም። የተቀቀለ ሥጋ ቆርሼ ከሩቅ ወረወርኩለት፤ ሁለተኛውን ራቅ አድርጌ፣ ሦስተኛውን ኮሪደሩ ላይ። እሱ ያን ሲለቅም እናትየው አጥንቱን አነሳች። ከዚያ በኋላ የመከርኳት ይህን ነው፦ ሲበላ በአጠገቡ እልፍ እያሉ ሳህኑ አቅራቢያ አንድ ጣፋጭ ቁራጭ ጣል አድርጎ መሄድ፣ አካሉ ሳይደርቅ ካያችሁት ከቀን ወደ ቀን ርቀቱን ማጥበብ። የሰው እግር ሲቀርብ ነገር እንደሚጨመርለት እንጂ እንደማይወሰድበት ይረዳል። ይህን የሚሠራው አዋቂ ሰው ነው። ልጆች ውሻ ሲበላም ሲተኛም አይጠጉት። ትንንሽ ዘሮች በቡችላነታቸው ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ቶሎ ስለሚወርድ ምግባቸው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣቸው፤ የራበው ቡችላ ይብሱን ይነጫነጫል። (የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አትስጡ፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።)

ሰው የማይጠረጥረው ሌላው ምክንያት ሕመም ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እየረገፉ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በትንንሾቹ ዘሮች የወተቱ ክራንቻ ብዙ ጊዜ አልወድቅ ይልና አዲሱ ከጎኑ ይበቅላል፤ በሁለቱ መካከል ምግብ ይወተፋል፣ ድዱ ይቆጣል። አፉን ሲነኩት የሚያጉረመርም የስድስት ሰባት ወር ቡችላ ካላችሁ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የሚያየው ሐኪም ፈልጉ። የጉልበት ሎሚው እየወለቀ የሚያሠቃየውም አለ፤ እሱ ደግሞ ሲያነሱት ነው የሚቆጣው። ደህና ቡችላም ቢሆን ድንገት ከላይ ወርዶ የሚያፍሰው እጅ ያስደነግጠዋል። ልጆች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ራሱ እንዲመጣ ይጠብቁት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በመንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡት ናቸው። ዓይናቸው ከተገለጠ ብዙም ያልቆዩ፣ ገና ወተት የሚያስፈልጋቸው። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት፤ የንክሻውን ልክ የሚማረው እዚያ ነው። ወንድሙን አጥብቆ ሲነክስ ያኛው ይጮኽና ጨዋታው ይቆማል። ይህን ሳይማር የመጣውን ቤተሰቡ ያስተምረው፦ በጨዋታ መሀል ሲነክስ እጅን ሳያወራጩ ጨዋታውን አቁሞ መነሣት፣ ጥርሱ ሲያሳክከው የሚያኝከው የተቋጠረ እርጥብ ጨርቅ መስጠት።

ትንሽ ነው ተብሎ ንክሻው እንዳይናቅ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውን አያተርፍም፤ በጭረትም ይተላለፋል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበሉም የባህል መድኃኒቱም ክትባቱን አያስቀሩት። የነከሰውን ውሻ ወዲያው መግደል ደግሞ ነገሩን ያበላሻል፤ በሽታው እንዳለበትና እንደሌለበት የሚታወቀው በሐኪም ትእዛዝ ተለይቶ ለ10 ቀን ክትትል ሲደረግለት ነው። ባሕርዩ ድንገት የተለወጠ፣ ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ከሆነ ግን ማንም አይንካው፤ ሐኪም ይጠራ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፣ ከዓመት በኋላም ይደገምለት።

ጋዜጣችሁ ይህን ለማንሳት አንድ ገጽ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። ለክትባት የመጣላችሁን ቡችላ መርፌ ወግታችሁ ብቻ አትሸኙት። ክራንቻውን ተመልከቱለት፤ ቤት ውስጥ ማን እንደሚመግበው፣ የት እንደሚተኛ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚያነሱት ጠይቁ፤ ሲያጉረመርም ምን እንደሚያደርጉትም እንዲነግሯችሁ አድርጉ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ አዲስ አበባ