አሮጌዎቹ የጃጓር መኪናዎች ወዴት ገቡ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለንደን ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት ሃመርስሚዝ አካባቢ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ አንድ አሮጌ ጃጓር ኤክስ ጄ 6 ከጎኔ መጥቶ ቆመ። አራት ክብ የፊት መብራቶች፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ቁመና፣ ሲሠራ እምብዛም የማይሰማ ሞተር። ከኋላዬ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። እንዲህ ያለ መኪና መንገድ ላይ ካየሁ ወራት አልፈው ነበር።

እንዲህ ያሉ መኪናዎች የእንግሊዝ መለያ ነበሩ። ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ጽሕፈት ቤታቸው ዳውኒንግ ስትሪት የደረሱት ሮቨር ፒ 5 ቢ በተባለ ሌላ የእንግሊዝ መኪና ነው፤ ያውም ምርቱ ከቆመ ስድስት ዓመት በኋላ!

ብዙዎቹን የጨረሳቸው ዝገት ነው። ከበሩ ሥር ያለው ብረት ከውስጥ ይበሰብስና የብየዳው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። ቤንዚንም ይጠጣሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አርባ ዓመት የሞላው መኪና ታሪካዊ ተብሎ ሲመዘገብ ከመንገድ ግብርም ከለንደን የአየር ብክለት ክፍያም ነጻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራው ጃጓር ግን በከተማው በተንቀሳቀሰበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ይጠየቃል። ታዲያ ስንቱ ባለቤት አርባ ዓመት እስኪሞላለት ይታገሣል? ለቁራሌው ይሸጠዋል እንጂ። ሠላሳ ዓመት ላለፋቸው መኪናዎች ቢያንስ በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ክፍያው ይነሣላቸው። የከተማው አስተዳደር ይህን እንዲያስብበት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከምዕራብ ለንደን