የሽቦ መኪናውን በጋዜጣ አትጠቅልሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የልጆች መጫወቻ ሙዚየም ይኑረን የሚለው ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። ደግ ሐሳብ ነው። ሆኖም ሕንፃ ከመፈለግ በፊት ዕቃውን ከቆሻሻ ክምር ማትረፍ ይቀድማል።

መነሻ አለን። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስብስቡን ያደራጀው በሰው የሕይወት ጉዞ ነው፤ ጎብኚው ከልጅነት ይጀምርና እስከ ሞት ይዘልቃል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ሌላውም መጫወቻ እንዲህ ያለ መዝጋቢ ይፈልጋል። ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ያለው ገበጣ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር ከተባለ 54 ጠጠር አለው፤ ጠጠሩና ደንቡ ካልመጡ ግን የተቦረቦረ እንጨት ብቻ ነው።

የሽቦ መኪናን እንይ። መሪው ልጁ ቆሞ እንዲነዳው እስከ ደረቱ የሚደርስ ዘንግ ሲሆን፣ ታችኛው ጫፉ ከፊት ጎማዎች ሽቦ ጋር ይታሰራል። እስሩ ከጠበቀ አይዞርም፣ ከላላ ይንገዳገዳል። ጎማው ከቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ ይወጣል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሳጥን ውስጥ የገባ መኪና አይናገርም፤ ልጁ ሲሠራ ደረጃ በደረጃ ፎቶ ይነሳ፣ ዕድሜው፣ ሰፈሩና ሽቦውን ከየት እንዳገኘው ይጻፍ። ከስጦታ ዕቃ መደብር የሚገዛው ያማረ ነው፤ ግን ማንም አልተጫወተበትም።

በማከማቻ ሽቦውና ሶሉ የሚጎዱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ሽቦው እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ ክረምት ላይ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ሳጥን፣ እርጥበት ከሚመጠው ከሲሊካ ጄል ጋር ቢቀመጥ ይመረጣል። ሶሉን የሚያደርቀውና የሚሰነጥቀው ብርሃንና ሙቀት ነው፤ ከፕላስቲክ ጋር ተነካክቶ ከቆየም ሊጣበቅ ይችላል። ዝገቱን ሙልጭ አድርጎ መፈተግና የጎደለውን ጎማ በአዲስ መተካት ግን የልጁን ሥራ ማጥፋት ነው።

ልጆች ከጭቃ የሚሠሯቸው ከብቶች በእሳት ስላልተተኮሱ ውኃ አይንካቸው፤ አቧራቸው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ መንደር ለጎብኚ ሽያጭ ከሚሠሩት የሸክላ ምስሎች ጋርም በአንድ መዝገብ አይቀላቀሉ።

ይቅርታ ይደረግልንና፣ ምንም ዕቃ በጋዜጣ አይጠቅለል። የኅትመቱ ቀለም ጨርቅ ላይ ያርፋል፣ ወረቀቱም አሲድ አለው። ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ይሻላል። የዕቃው መለያ ቁጥርም በተለጣፊ ወረቀት ሳይሆን በጥጥ ክር በሚታሰር ካርድ ይሁን።

የጨርቅ ኳስ ከሁሉ ያስቸግራል፤ ካልሲው ውስጥ የታጨቀው ቡትቶ የብል ቤት ነው። ወደ ስብስቡ ከመግባቱ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸግ፣ አየሩ ይውጣ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ከወጣ በኋላም አንድ ሙሉ ቀን ሳይከፈት ይቀመጥ፤ ተቸኩሎ ከተከፈተ ጠሉ ከረጢቱ ላይ በመቅረት ፈንታ ጨርቁን ያረጥበዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ፣ አዲስ አበባ