ማስፈራሪያ ሲደርሳችሁ ዝም አትበሉ

ውድ የመብት ተሟጋች አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን አንዲት እህታችን ሦስት ቀን ሙሉ የማስፈራሪያ ስልክ ሲደወልላት ለማንም አልተናገረችም። "ሰው እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው" አለችን። እባካችሁ፣ አስጨንቁን።

ግድያ ብዙ ጊዜ ድንገት አይመጣም። ሆንዱራስ ውስጥ ወንዝ ለማዳን ትታገል የነበረችው ቤርታ ካሴሬስ ደጋግሞ ተዝቶባታል። የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ኮሚሽን መንግሥት ጥበቃ እንዲያደርግላት ጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ቤቷ ውስጥ በጥይት ተገደለች። የኮሚሽኑ ወረቀት ብቻውን አላዳናትም።

እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የመብት ተሟጋቾች መግለጫ አንቀጽ 12 መንግሥት ከጥቃት፣ ከዛቻና ከበቀል እንዲጠብቀን ያዛል። ይህን ስንጠይቅ ግን ማስረጃ እንፈልጋለን። ስለዚህ መልእክቱን አታጥፉት። ስክሪንሾት አንሱት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለውን ቁጥር ጻፉ። የተባለውንም ቃል በቃል፣ ስድቡን ሳይቀር።

ወደ መስክ ስትወጡ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። በሰዓቱ ካልደወላችሁ መፈለግ እንጀምራለን።

እህታችን አሁን ከቤተሰቧ ጋር ናት። ስልኳ ሲጮህ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። የቻላችሁ ሄዳችሁ ጠይቋት።