ሁሉንም «ቦረቀ» አይበሉላት

ሊድስ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ሚሚ ለፈተና የምታጠናቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት በስልክ ስታነብልኝ፣ ከፍሮሊክም፣ ከጋምቦልም፣ ከኬፐርም፣ ከፍሪስክም ፊት ለፊት በመዝገበ ቃላቷ «ቦረቀ» የሚል አንድ ፍቺ ብቻ ተጽፎ እንዳገኘች ነገረችኝ፤ እርስዎም ከጎኗ ሆነው «ለአንድ ነገር ይህን ሁሉ ስም ምን አመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። መስመሩ ስለተቋረጠብን መልሱን በደብዳቤ ልኬልዎታለሁ።

ፍሮሊክ በ16ኛው መቶ ዘመን ከደች ቋንቋ የገባ ቃል ሲሆን በምንጩ «ደስተኛ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ከእግር ይልቅ ልብን ያስቀድማል። እርስዎ ጠዋት ጥጃዋን ከበረት ሲፈቷት፣ ጭራዋን ቀስራ፣ የኋላ እግሮቿን ወደ ጎን እየወረወረች ወደ ሱሉልታ ሜዳ ትሮጥ የለ? ማንም አላዘዛትም፣ የምትደርስበትም ቦታ የላትም። እኛ ይህን «ፈነጨች» እንላለን፤ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ጥጃዋ ራሷ ስለምትታይበት የእኛው ቃል ይበልጣል። መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጁት ሰዎች መፈንጨትን፣ መፈንደቅንና ጮቤ መርገጥን ትተው ሁሉንም በ«ቦረቀ» መጨረሳቸው ያሳዝነኛል።

ጋምቦል ግን የእግር ቃል ነው። በጣሊያንኛ ጋምባ እግር ማለት ሲሆን፣ ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ደርሷል። አያቴ ፈረስ ሲጋልቡ በእግራቸው ላይ ያስሩት የነበረው፣ አሁንም በጓዳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጋምባሌ ከዚያው ከጋምባ የመጣ ነውና፣ ለሚሚ እሱን አውርደው ቢያሳዩልኝ ቃሉ አይጠፋባትም። በዚህ ወራት እዚህ የበግ ግልገሎች በየመስኩ ሞልተዋል። ቅዳሜ ዕለት ከከተማ ወጣ ብዬ አጥር ተደግፌ ስመለከት፣ ሣር ታሸት የነበረች አንዲት ግልገል ድንገት አራት እግሮቿን በአንድ ጊዜ ከመሬት አንሥታ እንጣጥ አለች፤ ካረፈች በኋላም ራሷ የደነገጠች ይመስል ጥቂት ቆማ እንደገና ዘለለች። ጋምቦል ማለት ይህ ነው።

ኬፐር የፍየል ነው። ሥሩ በላቲን ፍየል ማለት ነው። ከዚያው ሥር፣ አንድ ፈረስ የሚጎትተው ባለ ሁለት እግር ቀላል ጋሪ በፈረንሳይኛ ካብሪዮሌ ተባለ፤ መንገድ ላይ እንደ ፍየል ይነጥር ነበርና። እንግሊዞች ስሙን አሳጥረው «ካብ» አሉት፣ ዛሬም ታክሲን በዚህ ስም ይጠሩታል። በሰፈራችን ኮረኮንች መንገድ ጋሪ ተሳፍረው ሲሄዱ ይህን ያስታውሱት።

ፍሪስክን በተመለከተ ሚሚ እንድትጠነቀቅ ይንገሩልኝ። የግልገልንና የቡችላን መፈንጠዝ የሚናገር ቢሆንም፣ ዛሬ በአብዛኛው የሚሰማው ፖሊስ የሰውን ልብስ በእጁ እየዳበሰ ሲፈትሽ ነው። በሕፃናት መዋያ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ለአንዲት እናት ልጇ ከጓደኛው ጋር ሲቦርቅ መዋሉን ልነግራት ብዬ በዚህ ቃል ብጠቀም፣ ልጇ የጓደኛውን ኪስ ሲፈትሽ ዋለ ያልኩ ሆነ። የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ፤ ኃላፊዋም ምን ለማለት እንደፈለግኩ ሳትጠይቀኝ በሰው ፊት ወቀሰችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማለት የነበረብኝ ሮምፕ ነበር፤ ልጆች ሣር ላይ እየተያያዙና እየተንከባለሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፣ ሕፃናት የሚለብሱት ሮምፐር የተባለው አንድ ወጥ ልብስም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ስኪፕ አያስቸግራትም፤ ገመድ ስትዘልም፣ ገጽ ስትዘልም እንደ እኛው ቋንቋ አንድ ቃል ነው።

እባክዎ ቅዳሜ ሚሚን ወደ ሜዳው ይዘዋት ይውጡ። አንገቱን ሰብቆ የፊት እግሮቹን ከፍ ከፍ እያደረገ የሚረግጥ ፈረስ ካየች «ፕራንስ» ብላ ትጻፍልኝ፤ ሌላውንም የትኛው እንስሳ እንዴት እንደዘለለ በአማርኛ ጽፋ ትላክልኝ፣ እንግሊዝኛውን እኔ አሟላላታለሁ። ለጥጃዋም ስም አውጥታላት እንደሆነ ትንገረኝ።

ለእማዬና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

አክባሪ ልጅዎ