ፕሪሚየር ሊጉ ማረፍ ከፈለገ አስቀድሞ ጨዋታ ይቀንስ

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እንደ ጀርመን በገና ሰሞን ይረፍ ወይስ አይረፍ የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሳል። ይረፍ የሚሉት ስለ ብርዱና ስለ ተጫዋቾች ድካም ያወራሉ፤ አይረፍ የሚሉት ስለ ባህሉና ስለ ቴሌቪዥን ገንዘቡ። ጨዋታ ቆጥሮ የሚከራከር ግን ጥቂት ነው። ጉዳዩ የሚፈታው ደግሞ እዚያው ቁጥሩ ላይ ነው።

የብርዱን ነገር ቶሎ እንለፈው። በሁለቱም አገሮች ከፍተኛ ሊግ ስታዲየሞች ከሣሩ ሥር ማሞቂያ መዘርጋት ግዴታ ነው። ስለዚህ ጀርመን የሚያርፈው ሜዳው በረዶ ስለሚሆንበት፣ እንግሊዝ የማያርፈው ደግሞ ስለሚሞቀው አይደለም።

ሒሳቡ ይኸውና። በቻምፒየንስ ሊግ የሚሳተፍ የእንግሊዝ ክለብ በሁሉም ውድድር እስከ ፍጻሜ ቢዘልቅ 38 የሊግ፣ 6 የኤፍ ኤ ካፕ፣ 6 የሊግ ካፕ (ከሦስተኛው ዙር ስለሚገባና ግማሽ ፍጻሜው ደርሶ መልስ ስለሆነ) እንዲሁም ቢያንስ 15 የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ያደርጋል። ድምሩ 65 ነው። በተመሳሳይ መንገድ የሄደ የጀርመን ክለብ 34 የሊግ፣ 6 የጀርመን ዋንጫና 15 የቻምፒየንስ ሊግ፣ በድምሩ 55 ይጫወታል። ጀርመን 18 ክለብ ነው ያለው፤ ሊግ ካፕ የለውም። የጀርመኑ ዕረፍት የተገኘው ከእነዚህ 10 ጨዋታዎች ነው እንጂ ከመርሐ ግብር አውጪዎቹ ብልሃት አይደለም።

በ2025/26 የጀርመኑ ሊግ ቡንደስሊጋ ዲሴምበር 21 ላይ ቆሞ ጃንዋሪ 9 ተመለሰ። ፕሪሚየር ሊጉ በዚያው ጊዜ ከዲሴምበር 26 እስከ ጃንዋሪ 8፣ በ14 ቀናት ውስጥ 4 ዙር አጫወተ። ከ38 ላይ 34 ሲቀነስ የሚቀረውም 4 ነው። ሞሮኮ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ምክንያት ይህ ልዩነት አፍሪካውያን ተጫዋቾችንም ነካ፤ በጀርመን የሚጫወት ሰው ከክለቡ የራቀባቸው ሳምንታት ግማሾቹ ሊጉ ራሱ የቆመባቸው ነበሩ። በእንግሊዝ የሚጫወተው ግን ክለቡ ያለ እሱ ሲጫወት ከሆቴሉ ሆኖ ተመለከተ።

እንግሊዝ ሳትሞክረው አልቀረችም። በ2019/20 የመሀል ዓመት ዕረፍት ስትጀምር ያደረገችው አንዱን ዙር ለሁለት ከፍሎ 4 ጨዋታ በአንዱ ቅዳሜና እሁድ፣ 6 በሚቀጥለው ማድረግ ነበር። የተቀነሰ ጨዋታ አልነበረም። ውጤቱም ወዲያው ታየ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020 ሊቨርፑል ከሽሩስቤሪ ጋር የኤፍ ኤ ካፕ የድጋሚ ጨዋታ (አቻ ሲወጡ የሚደገመው) በዕረፍቱ ውስጥ ወደቀበት፤ አሰልጣኙ ክሎፕ ዋናውን ቡድን አላሰልፍም ብሎ የወጣቶቹን አሰልጣኝ ኒል ክሪችሊንና ልጆቹን ላከ (ያም ሆኖ 1 ለ 0 አሸነፉ)። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ማዕበል የማንቸስተር ሲቲንና የዌስትሃምን ጨዋታ አሰረዘ። የተሰረዘውን ጨዋታ ማስገቢያ ክፍት ቀን የተገኘውም ክለቦቹ ሊያርፉበት ከነበረው ጊዜ ላይ ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 2024 ደግሞ ዎልቭስና ብሬንትፎርድ በዕረፍታቸው መሀል በኤፍ ኤ ካፕ የድጋሚ ጨዋታ ተገናኝተው 120 ደቂቃ ተጫወቱ። ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ዕረፍቱ ተሰረዘ። የድጋሚ ጨዋታዎቹም አብረው መሰረዛቸው የሚያስገርም ነው፤ ዕረፍቱን ያበላሸው ነገር የተወገደው ዕረፍቱ ራሱ ከጠፋ ጋር ነው።

ዕረፍት የሚደግፉ ሁሉ የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ። ስዊድናዊው ሐኪም ያን ኤክስትራንድ ከባልደረቦቹ ጋር ከ15 የአውሮፓ አገሮች 56 ቡድኖችን ለ7 የውድድር ዘመን ተከታትሎ፣ ዕረፍት የሌላቸው ቡድኖች በዓመት በአማካይ 303 የተጫዋች ቀን በጉዳት አብልጠው እንደሚያጡ አሳይቷል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ዕረፍት የሌላቸው የተባሉት የእንግሊዝ ክለቦች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ብዙ ይጫወታሉ። ስለዚህ 303ቱን በሙሉ የዕረፍት ማጣት ውጤት አድርጎ ማቅረብ ልክ አይመስለኝም። የሌሎቹ ዕረፍት በአማካይ 10 ቀን ብቻ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም፤ ማንም አንድ ወር አልጠየቀም።

ርዝመቱን ከመወሰን በፊት በዕረፍቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይሻላል። ከአንድ ጨዋታ በኋላ የጭን ጡንቻ ጉልበቱን ለመመለስ 72 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ በየ3 ቀኑ ሲጫወቱ ይህ ጊዜ አይሞላም፣ ድካሙም ይጠራቀማል። በሌላ በኩል ያለ ምንም ሥራ ከ2 ሳምንት በላይ መቀመጥ የትንፋሽ አቅምን ያወርዳል። ከዚያ ቀድሞ የሚጠፋው ግን የፍጥነት ሩጫ ልምድ ነው። ተጫዋቹ ለ10 ቀን አንዴም በሙሉ ኃይሉ ሳይሮጥ ቆይቶ በመጀመሪያው ጨዋታ 20ና 30 ጊዜ ቢፈተለክ የሚቀደደው የኋላ ጭኑ ነው። ለ14 ቀን የሚሆን አመዳደብ ይህን ይመስላል፦ የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ሙሉ ዕረፍት፤ ቀጥሎ 4 ቀን በየግል የሚሠራ ቀላል ሩጫና ሁለት ጊዜ የኋላ ጭን ማጠንከሪያ፤ የቀሩት 5 ቀናት ከቡድን ጋር፣ በእነሱም ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከከፍተኛ ፍጥነቱ 90 በመቶ በላይ መሮጥ። በሁለቱ ዙሮች መካከል ተጫዋቾቻቸውን ወደየቤታቸው የሚሸኙ የእኛ ክለቦችም ቢሆኑ ወረቀት ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ሳያስይዙ መላክ የለባቸውም።

ታዲያ እንግሊዝ ይህን 14 ቀን ከየት ታምጣ? ቀድሞ ጃንዋሪ ከአውሮፓ ውድድር ነፃ ነበር። ከ2024/25 ጀምሮ የቻምፒየንስ ሊጉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ከ6 ወደ 8 ጨዋታ ሲያድግ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጃንዋሪ ላይ ተቀመጡ። ወደ ወሩ መጨረሻ መግፋት አይቻልም ማለት ነው። የቀረው ቦታ ከዲሴምበር 28 እስከ ኤፍ ኤ ካፑ ሦስተኛ ዙር፣ ጃንዋሪ 10 አካባቢ ነው። የዲሴምበር 26 ጨዋታ ይቆይ። በእኛ ታኅሣሥ 17 ቀን በየዲኤስቲቪ ቤቱ ወንበር የሚሻማው ሰው ቅር አይበለው። ጣሊያንም በ2018/19 ዲሴምበር 26ና 29 አጫውታ እስከ ጃንዋሪ 19 አርፋለች፤ ባህልና ዕረፍት አይጣሉም።

ሊጉ 18 ክለብ ቢሆን 4 ዙር ይቀንሳል። ከዲሴምበር 28 በኋላ ያሉትን 3 ዙሮች ለማንሳት ይበቃል፤ ተጨማሪው አንዱ ለማዕበል መጠባበቂያ ይሆናል። ፈረንሳይ መንገዱን ሄዳበታለች፤ ሊግ ካፗን ከ2020 ወዲያ አቁማ በ2023/24 ሊጓን ወደ 18 አወረደች። እንግሊዝም ብትሆን በ1995 ከ22 ወደ 20 ወርዳለች፤ በዚያ ዓመት 4 ወርደው 2 ብቻ አደጉ። አሁን ለዚህ ከ20ው የ14 ክለብ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በየዓመቱ ለመውረድ የሚሰጉ 8 ወይም 9 ክለቦች ደግሞ የራሳቸውን ወንበር ለማንሳት እጅ አያወጡም። እያንዳንዱ ክለብም 2 የሜዳውን ጨዋታ ገቢ ያጣል። ስለዚህ በቅርቡ የሚሆን ነገር ካለ የሊግ ካፕ ግማሽ ፍጻሜውን አንድ ጨዋታ ማድረግና በአውሮፓ የሚሳተፉትን ክለቦች ከዚያ ውድድር ማውጣት ነው። ይህ ግን ከዋንጫው ገቢ የሚኖሩትን የታችኛው ሊግ ክለቦች ሳይካሱ አይታሰብም።

አንድ ነገር በደንቡ መጻፍ አለበት፤ በዕረፍቱ ቀናት የወዳጅነት ጨዋታ ክልክል ነው የሚል። በሜይ 2024 ሊጉ በተጠናቀቀ በሦስተኛው ቀን ቶተንሃምና ኒውካስል ሜልቦርን ላይ ተጫውተዋል። ባየርን ሙኒክም ለዓመታት በጃንዋሪ ዶሃ እየሄደ ይሠለጥን ነበር። ደንብ ከሌለ ባዶ የተተወው ሳምንት ገዢ አያጣም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ