ድቧ ብቻዋን ናት ወይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ድብ አደን የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለብርዱ ወራት ሊተኛ የተዘጋጀን እንስሳ መግደል ጭካኔ ነው ብለዋል። እኔም ኮሎራዶ ስመጣ እንደዚያው ነበር የማስበው። እስከዚያ ድብ የማውቀው በዳዊት ታሪክ ብቻ ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አብሮኝ ከባድ መኪና የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ሴፕቴምበር ሲገባ የአደን ፈቃዱን ይዞ ተራራ ይወጣል። አንድ ዓመት ተከትዬው ሄድኩ። ከሸለቆው ማዶ፣ የኦክ ቁጥቋጦ በሸፈነው ተዳፋት ላይ አንድ ጥቁር ድብ ፍሬ ይለቅማል። ቀና እንኳ አይልም። በዚህ ወቅት ድብ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይበላል፤ የሚበላው እስከ 20,000 ካሎሪ ይደርሳል። ብርዱን የሚያልፈው በዚያ ስብ ነው። አሁን ይተኩሳል ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። እሱ ግን መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ ከቁጥቋጦው ሥር ግልገል ብቅ አለ። ለካ እናት ናት። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር ጥይቱን ከጠመንጃው አወጣ። ግልገል ያስከተለች ድብ መግደል በሕግ ክልክል ነው።

በአሜሪካ ጸደይ፣ ማለትም ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ ጥበቃ ላያድናት ይችል ነበር። ግልገሎች የሚወለዱት ጃንዋሪ ገደማ፣ እናትየው ጉድጓዷ ውስጥ እንዳለች ነው። ጸደይ ላይ ገና ይጠባሉ። እናት ዛፍ ላይ ትታቸው ምግብ ፍለጋ ስትወጣ አዳኙ ብቻዋን ያያታል። እሷ ከሞተች እነሱም በረሃብ ያልቃሉ። የኮሎራዶ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1992 በድምፁ የጸደይ አደንን አስቀረ። በምግብ ማማለልና በውሻ ማሳደድም አብረው ታገዱ።

ሥጋው ደግሞ ለሰው ምግብ መዋል አለበት ይላል ሕጉ። ጓደኛዬ በሌላ ዓመት ከገደለው ሊያካፍለኝ ነበር። ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ አልተቀበልኩም፤ እሱም ቅር አላለውም።

እንስሳ ሲሞት ማየት እኔንም ያመኛል። የጸሐፊውን ርኅራኄም አከብራለሁ። ግን አደኑ ካልቀረ፣ ግልገሉ ከእናቱ ኋላ ኋላ በሚሄድበት ወር ይሁን።

እባካችሁ ስለ 1992ቱ ድምፅ ጻፉልን። እዚህ ዜግነት ያገኘን ብዙ ነን፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ እኛም እጅ ይገባል። በ2024 የተራራ አንበሳ አደን ይታገድ ወይ ተብለን ተጠይቀን ነበር። እኔ ያንን ጥያቄ ሳላነበው አለፍኩት፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

አክባሪያችሁ፣
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ