መቀበያውን ከመጣላችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ተማሪዎቼ በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር በሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ የሶፍትዌር ሬዲዮ፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ የሚልከውን ምልክት በፕሮግራም ወደ ድምፅ የሚቀይር ሬዲዮ፣ ሲሞክሩ ድምፁ ይቆራረጣል። ወዲያው «መቀበያው ተበላሽቷል» ይላሉ። ዕቃው በዶላር የሚመጣ ነው፤ ደህናውን ጥሎ ሌላ መግዛት በጣም ያሳዝነኛል።

አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው ይህ መቀበያ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና (የሬዲዮ ምልክቱ ልኬት) ሲያነብ፣ አንዱ ናሙና 2 ባይት ስለሆነ፣ 4.8 ሜጋባይት ይልካል። የቨርቹዋል ማሽኑ የዩኤስቢ ቅንብር 1.1 ላይ ከተቀመጠ ግን በሰከንድ ከ1.5 ሜጋባይት በላይ አያልፍም። የተረፈው ይጠፋል! እባካችሁ መጀመሪያ ቅንብሩን ወደ ዩኤስቢ 2.0 ወይም 3.0 ቀይሩት። አርቲኤል-ቴስት የሚባለው ፕሮግራም የጠፋ ናሙና ካለ ይናገራል።

አሁንም ካልተስተካከለ መቀበያውን ዋናው ኮምፒውተር ላይ አሠሩት፤ ዳታውን በኔትወርክ በሚልከው በአርቲኤል-ቲሲፒ ፕሮግራም ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ ላኩት። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

የኤሌክትሮኒክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ